ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ለደረሳችሁ ፍሬሾች (የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች)፦ ዶርም ውስጥ እየኖሩ እንዴት ይማራል?

ምደባ ይፋ በሆነ ማግስት ስልኬ ፋታ አያገኝም። የአክስቴ ልጅ፣ የጎረቤት ልጅ፣ አይቼው የማላውቀው የጓደኛዬ ታናሽ ወንድም፣ ሁሉም የሚጠይቁኝ አንድ ነው። «ባሕር ዳር ደርሶኛል፤ ምን ይዤ ልምጣ? ዶርም ውስጥስ ማጥናት ይቻላል?» ከዩኒቨርሲቲው ግቢዎች አንዱ በሆነው ፔዳ ግቢ ዶርም ውስጥ ኖሬ ነው የተመረቅኩት፣ አሁንም ከተማዋን አልለቀቅኩም። ለእያንዳንዱ ድምፅ ቀድቼ መላክ ሰልችቶኛል፤ እዚሁ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል።

ለሁለተኛው ጥያቄ መልሱ «ይቻላል፣ ግን የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ካልቀለዳችሁባቸው» ነው። አልጋ፣ አጎበር፣ ቁልፍ፣ ውሃ፣ የመብራት ማጥፊያ ሰዓት፣ እነዚህ ከትምህርት ጋር የማይገናኙ ይመስላሉ። ሚድ (የሴሚስተሩ አጋማሽ ፈተና) ሲደርስ ግን የሚጥሏችሁ እነሱ ናቸው።

ይዛችሁ የምትመጡት

ሰነድ፦
- የ8ኛ ክፍል ሰርተፊኬት፣ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ትራንስክሪፕት፣ የ12ኛ ክፍል ውጤት። ዋናውም ኮፒውም። ኮፒውን ሦስት ሦስት አድርጉት፤ ምዝገባ ሰሞን ኮፒ ቤት የሚሰለፈው ሰው አያድርስ ነው።
- ጉርድ ፎቶ፣ 8 ያህል
- የፋይዳ መታወቂያ
- ሁሉንም በስልካችሁ ፎቶ አንስታችሁ ለራሳችሁ ቴሌግራም ላይ ላኩት። ስልክ ቢጠፋ ሰነዱ አይጠፋም።

ለአልጋ፦
- 2 አንሶላ፣ የትራስ ጨርቅ፣ ቀለል ያለ ብርድ ልብስ። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ይሞቃል። ከደጋ የምትመጡ ልጆች ያንን ከባዱን ብርድ ልብስ ለእናታችሁ ተዉላት።
- አጎበር እና 10 ሜትር ያህል ሲባጎ
- 2 ጓጉንቸር፤ አንዱ ለሎከር፣ አንዱ ለሻንጣ

ለውሃና ለመብራት፦
- ባለ 20 ሊትር ጀሪካን፣ ባልዲ፣ ጆግ
- ፓወር ባንክ እና አልጋ ላይ የምትሰካ ትንሽ የማንበቢያ መብራት

ሌላ፦
- የጆሮ መድፈኛ (የማይረባ ይመስላል፤ ከጀሪካኑ ቀጥሎ ዋናው ዕቃ ነው)
- ነጠላ ጫማ፣ የስፖርት ትጥቅ፣ ሳሙና፣ ሶፍት
- በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ። እናቶች ሽሮና በርበሬም ይቋጥራሉ፤ ግን ዶርም ውስጥ ማብሰል አይፈቀድም፤ የእኔ በርበሬ ዓመቱን ሙሉ ሎከር ውስጥ ተቀምጦ ደብተሬን ሁሉ በርበሬ በርበሬ እንዳሸተተው ነው የቀረው።

ባርኔጣ፣ ሦስት ጥንድ ሸራ ጫማ፣ ትልቅ ስፒከር አያስፈልጉም። ሎከሩ ጠባብ ነው።

1. ከመነሳታችሁ በፊት ግቢያችሁን አረጋግጡ

«ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ» ማለት አንድ ግቢ አይደለም። ፔዳ አለ፣ ፖሊ አለ፣ ይባብ አለ፣ ዘንዘልማ አለ፣ ሌሎችም አሉ። ይባብና ዘንዘልማ ከመሃል ከተማው ወጣ ያሉ ናቸው። ለባለባጃጁ «ዩኒቨርሲቲ» ብቻ ብላችሁ ከተሳፈራችሁ አንዱ ጋ ያወርዳችሁና ሻንጣ ተሸክማችሁ ድጋሚ ኮንትራት ትከፍላላችሁ። የግቢውን ስም ጥሩ፣ ዋጋውንም ሳትሳፈሩ ተነጋገሩ። ደግሞ በቀን ግቡ። ፕሮክተር (የዶርም ኃላፊ) ፍለጋ በጨለማ መዞር ለማንም አይመከርም።

2. ክፍሉን ስትረከቡ ፎቶ አንሱ

ስማችሁን ዝርዝሩ ላይ አግኝታችሁ ወደ ብሎኩ ስትሄዱ ፕሮክተሯ ቁልፍና ፍራሽ ታስፈርማችኋለች። ከመፈረማችሁ በፊት ሎከሩ ይዘጋል? ፍራሹ የተቀደደ ነው? የመስኮቱ መስታወት አለ? እዩ። የተበላሸውን ፎቶ አንሱና እሷም እንድትመዘግበው በትሕትና ጠይቁ።

ምክንያቱ፦ ዓመቱ ሲያልቅ ክሊራንስ የሚባል ነገር አለ። የፈረማችሁበት ዕቃ ከጎደለ ወይም ከተሰበረ ትከፍላላችሁ፤ እስክትከፍሉ ደግሞ ወረቀታችሁ አያልቅም። እናንተ ያልሰበራችሁትን መስታወት ዋጋ ለስምንት ተካፍሎ መክፈል ምን እንደሚመስል አውቀዋለሁ።

3. አልጋ ምረጡ፣ አጎበሩን የዚያኑ ቀን ስቀሉ

አልጋዎቹ ተደራራቢ ናቸው። ታችኛው ለመውጣት ለመውረድ ይመቻል፣ ግን የክፍሉ ሶፋ እሱ ነው፤ የመጣ ሁሉ ይቀመጥበታል። ላይኛው አምፖል ፊቱ ላይ ይበራበታል፣ ግን ማንም አይደርስበትም። ቶሎ የሚተኛ ሰው ታች ጥግ ያለውን፣ ማታ ማንበብ የሚወድ ላይኛውን ቢይዝ ጥሩ ነው። በሩ አጠገብ ያለውን ማንም አይፈልገውም፤ የደረሰበት ሰው ጆሮ መድፈኛውን ያዘጋጅ።

አሁን ወደ አጎበሩ። ባሕር ዳር ወባ አለ። ክረምቱ ከወጣ በኋላ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ይብሳል፤ ይህ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ፍሬሽ ግቢ የሚለምድበት ወቅት ነው። አሰቃቀሉ እንዲህ ነው፦

- መድኃኒት የተነከረ አዲስ አጎበር ከሆነ ከማሸጊያው አውጥታችሁ ለ24 ሰዓት ጥላ ላይ አናፍሱት። ካልሆነ ፊት ያቃጥላል።
- ታችኛው አልጋ ላይ ከሆናችሁ አራቱን ጫፍ የላይኛው አልጋ ብረት ላይ እሰሩ። ላይኛው ላይ ከሆናችሁ ሲባጎውን ከመስኮቱ ብረት ወደ ሎከሩ ወይም ወደ ጎረቤት አልጋ ወጥራችሁ አንጠልጥሉት።
- ዙሪያውን ፍራሹ ሥር ጎስጉሱት። ተንጠልጥሎ ከቀረ ትንኟ በሥር ትገባለች።
- ስትተኙ ክንዳችሁ አጎበሩን አይንካ። በቀዳዳው በኩል ትነክሳለች።
- ስታጥቡት በለስላሳ ሳሙና፣ ስታሰጡት ጥላ ላይ። ፀሐይ መድኃኒቱን ያዳክመዋል።

እኔ የመጀመሪያ ሴሚስተር «ሙቀት ነው፣ ያፍነኛል» ብዬ አጎበሬን አጣጥፌ ሎከር ውስጥ አኖርኩት። ሚድ ሳምንት ላይ ብርድ ብርድ አለኝ። ሁለት ፈተና በትኩሳት ተፈተንኩ፣ ሦስተኛው ጭራሽ አመለጠኝ። በነጋታው አጎበሩ ተሰቀለ።

4. በመጀመሪያው ሳምንት የዶርም ስብሰባ አድርጉ

ይህ ደረጃ ላይ ረጋ በሉ፤ ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነው።

አንድ ክፍል ውስጥ ስድስት ወይም ስምንት ልጆች ትሆናላችሁ። አንዱ ከሐረር፣ አንዱ ከወላይታ፣ አንዱ ከደብረ ታቦር፣ አንዱ ከጅማ ሊሆን ይችላል። አንዱ ሌሊት 11 ሰዓት ለጸሎት ይነሳል፣ ሌላው እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ካላነበበ አይገባውም። አንዱ ስልክ ሲያወራ ጎረቤት ብሎክ ይሰማል። መጀመሪያ ሳምንት ላይ ሁሉም ጨዋ ነው፣ «ችግር የለም» ይባባላል። ችግሩ የሚመጣው ሚድ ሰሞን ነው፤ ያኔ ሁሉም ደክሞታል፣ ሁሉም ተናዷል፣ ያኔ ሕግ ላውጣ ማለት ጠብ መጫር ነው። ሰው ገና ሲተፋፈር የተነጋገረውን ነገር ግን ማንም አይቀየምበትም።

ስለዚህ አንድ ማታ ቆሎ ዘርጉና እነዚህን ተነጋገሩ፦

ዋናው አምፖል ስንት ሰዓት ይጠፋል? (እኛ ዶርም ከምሽቱ 5 ሰዓት ነበር። ከዚያ በኋላ ማንበብ የፈለገ በራሱ ትንሽ መብራት።) ከጠፋ በኋላ ስልክ የሚያወራ ኮሪደር ይወጣል። ዘፈንም መዝሙርም ነሺዳም በጆሮ ማዳመጫ ነው፤ እዚህ ላይ ማንም ልዩ መብት የለውም። ሳይጠየቅ የሚወሰድ ነገር ምንድን ነው? ሳሙናና ውሃ ይቻላል፣ ፎጣና ነጠላ ጫማ አይቻልም፣ እንዲህ እያላችሁ ዘርዝሩት። ጽዳት በተራ፣ በአልጋ ቅደም ተከተል። እንግዳ መጥቶ እንዲያድር ከተፈለገ ቀድሞ ይነገራል፤ ግቢውም ራሱ ደንብ አለው። ቁልፍ የመጨረሻ የወጣ ይቆልፋል፣ «ወዲያው እመለሳለሁ» ብሎ ከፍቶ መሄድ የለም። ላፕቶፕ የሚጠፋው በዚያች በ«ወዲያው» ነው።

የተስማማችሁበትን ወረቀት ላይ ጻፉና በሩ ጀርባ ለጥፉት። ለጥፉት ስል የምሬን ነው። አንዱ ሲጥስ «አንተ እኮ» ከማለት ወረቀቱን ማሳየት ይቀላል።

ስለ ቋንቋ አንድ ነገር። ሦስታችሁ አንድ ቋንቋ ብታወሩና አራተኛው ባይሰማ፣ ያ ልጅ ሳታስቡት ስለ እሱ የምታወሩ ይመስለዋል። ሁሉም ባለበት ሁሉም በሚሰማው አውሩ። በዚያው ደግሞ ቋንቋ ተማማሩ፤ እኔ አፋን ኦሮሞ ሰላምታና ገበያ የሚያህል የቻልኩት ክፍል ገብቼ ሳይሆን ከላይኛው አልጋ ልጅ ነው። እሱም በለውጡ የጎጃም አማርኛዬን ወስዶ አገሩ ሲገባ ተስቆበታል አሉ።

5. ሰዓታችሁን አስሉ

ሃይስኩል ላይ ቀኑን ሙሉ ክፍል ነበራችሁ። እዚህ በቀን ሁለት ሦስት ክፍለ ጊዜ ብቻ ታያላችሁና «ነፃ ነኝ» ትላላችሁ። አይደላችሁም።

ሒሳቡ ይኸው። የኮርስ ክብደት በኢሲቲኤስ ሲለካ አንዷ ነጥብ ከ25 እስከ 30 ሰዓት የተማሪ ሥራ ናት። ባለ 5 ኮርስ ከ125 እስከ 150 ሰዓት ይሆናል። ለ16 ሳምንት ስታካፍሉት በሳምንት 8 ወይም 9 ሰዓት ነው። 3ቱ ክፍል ውስጥ ቢያልፍ 5 ወይም 6 ሰዓት የራሳችሁ ንባብ ይቀራል። እንዲህ ዓይነት ስድስት ኮርስ ካላችሁ በሳምንት 33 ሰዓት ገደማ፣ በቀን ወደ 5 ሰዓት ማለት ነው።

ማንም ፍሬሽ በየቀኑ 5 ሰዓት እንደማያነብ አውቃለሁ። ግን ቁጥሩን ማወቃችሁ ይጠቅማል፤ በክፍሎች መሃል ያለችውን የሁለት ሰዓት ክፍተት ዶርም ሄዳችሁ ከተኛችሁባት ያ ቀን አለቀ። ከክፍል ቀጥታ ላይብረሪ ግቡ፣ የዛሬውን ትምህርት ዛሬ አንዴ አንብቡት። ማታ ላይ የሚቀረው ሥራ በግማሽ ይቀንሳል።

6. የምትተኙበትንና የምታነቡበትን ለዩ

አልጋ ላይ ማጥናት የሚባል ነገር የለም። አንድ ገጽ ታነባላችሁ፣ ትጋደማላችሁ፣ ሞጁሉ ፊታችሁ ላይ ይወድቃል። ከባድ ንባብ ላይብረሪ ወይም ባዶ ክፍል ውስጥ ይሁን፣ ዶርም ውስጥ ደግሞ ቀላል ቀላሉን፦ ደብተር መገልበጥ፣ አሳይመንት ማስተካከል፣ ለነገ መዘጋጀት።

ላይብረሪ ላይ ፈተና ሲቃረብ ወንበር አይገኝም፤ እራት በጊዜ በልታችሁ ከምሽቱ 1 ሰዓት በፊት ግቡ። ደብተር አስቀምጦ ወንበር መያዝና ሦስት ሰዓት መጥፋት የተለመደ ነው፣ የተለመደ ማለት ግን ትክክል ማለት አይደለም።

ጣና ዳር ማንበብስ? ይቻላል፣ ጠዋት። ከጠዋቱ 1 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ዛፍ ሥር ነፋሱ ልብ ያርሳል፣ የሚሸመደድ ነገር ይገባል። ቅዳሜና እሁድ ከሰዓት ግን ተዉት፤ ሙሽራ፣ ካሜራ፣ መኪና ጥሩምባ። ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ ደግሞ የትንኞቹ ሰዓት ነው።

7. የጥናት ቡድኑን ከዶርማችሁ ጀምሩ

አብሯችሁ የሚኖር ልጅ ተመሳሳይ ኮርስ ከወሰደ ከዚያ የተሻለ የጥናት ጓደኛ የለም፤ ቀጠሮ አያስፈልግም፣ «መንገድ ዘጋብኝ» የለም። ከሦስት እስከ አምስት ሁኑ። ከዚያ ከበለጠ ጨዋታ ይሆናል።

አሠራሩ፦ ምዕራፎቹን ተከፋፈሉ። እያንዳንዱ የደረሰውን አንብቦ ለሌሎቹ ያስረዳል፣ ሌሎቹ በጥያቄ ያፋጥጡታል። ማስረዳት ሲያቅታችሁ ያልገባችሁ ቦታ የቱ እንደሆነ ያኔ ይታወቃል፤ ለብቻ ስታነቡ ሁሉም የገባችሁ ይመስላል። የማትስ ወርክሺት ከሆነ ግን መጀመሪያ ለየብቻ ሞክሩ፣ ከዚያ መልስ አመሳክሩ። አንዱ ሲሠራ ሰባቱ ሲገለብጡ ያደሩበት ዶርም ፈተና ላይ የሚያልፈው አንዱ ብቻ ነው። ሲኒየሮችን የድሮ ፈተና ጠይቁ፣ ግን መልሱን ሳይሆን የአጠያየቁን ዓይነት ለማየት።

8. ካፌ ወይስ ነን ካፌ?

ካፌ ማለት ግቢው ውስጥ መመገብ፣ ነን ካፌ ማለት የምግቡን ገንዘብ ወስዶ ውጭ መብላት ነው። ሁለት ሴሚስተር ሙሉ ለማያልቅ ጭቅጭቅ ርዕስ ነው፤ አጭሩን ልንገራችሁ። ፍሬሽ ከሆናችሁ ካፌ ግቡ። ገንዘቡን በእጃችሁ ተቀብላችሁ ውጭ ከበላችሁ በወሩ አጋማሽ ያልቅና ዳቦ በሻይ ይጀመራል። ከተማውን፣ ዋጋውን፣ ራሳችሁን ካወቃችሁ በኋላ ነን ካፌ መሆን ይደረስበታል። ሚል ካርዳችሁን ከመታወቂያችሁ ጋር አንገታችሁ ላይ አንጠልጥሉት፤ ከጠፋ እስኪተካ ድረስ የምትበሉት በጓደኛ ነው።

ከቤት የሚላክላችሁን ብር በአራት ሳምንት ከፍላችሁ የሳምንቱን ብቻ ያዙ። ዓሳ ለመብላት ስትወጡ እንደ ዶርም ውጡ፣ ተካፍላችሁ አንድ ትልቅ ዓሳ እዘዙ። ለብቻ ከሚታዘዘው ይረክሳል፣ ጨዋታውም ሞቅ ይላል።

9. ውጤታችሁን ራሳችሁ አስሉ

ጂፒኤ ማለት የየኮርሱ ነጥብ በክሬዲቱ ተባዝቶ፣ ተደምሮ፣ ለጠቅላላ ክሬዲት ሲካፈል ነው። ምሳሌ፦

- ባለ 3 ክሬዲት፣ ቢ (3.0)፦ 9
- ባለ 3 ክሬዲት፣ ኤ ማይነስ (3.75)፦ 11.25
- ባለ 2 ክሬዲት፣ ሲ ፕላስ (2.5)፦ 5
- ባለ 3 ክሬዲት፣ ቢ ፕላስ (3.5)፦ 10.5

ድምሩ 35.75፣ ክሬዲቱ 11፣ ስለዚህ 3.25። ይህን ከሚድ በኋላ ሥሩት። ክሬዲቱ ከባድ የሆነው ኮርስ ላይ የምትጨምሩት ሰዓት ቀላሉ ላይ ከምትጨምሩት የበለጠ ያነሳችኋል። የፍሬሽማን ውጤት ዲፓርትመንት ምርጫ ላይ ስለሚገባ «ሁለተኛ ዓመት ላይ አስተካክለዋለሁ» አትበሉ።

ተጠንቀቁ

- ትኩሳትና ብርድ ብርድ ካላችሁ ፓራሲታሞል ውጣችሁ አትተኙ። በዚያው ቀን ወደ ተማሪዎች ክሊኒክ ሄዳችሁ ደም ተመርመሩ። ወባ ቶሎ ከተያዘ ይድናል፣ ከዘገየ ይገድላል። የጓደኛችሁን የተረፈ መድኃኒት አትውሰዱ።
- ጣና ዳርቻ አትዋኙ፣ እግራችሁን ነክራችሁ አትቀመጡ። ቢልሃርዚያ አለ። ትሉ ከውሃ ቀንድ አውጣ ወጥቶ በቆዳ ይገባል፤ ስትነከሩ ምንም አይሰማችሁም። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ደግሞ ጉማሬ አለ፣ ለፎቶ ብላችሁ አትጠጉ።
- ስቶቭና የውሃ ማሞቂያ ዶርም ውስጥ አትሰኩ። የክፍሉ መስመር ያን ያህል ጭነት አይችልም። ገመዱ ይግላል፣ ከጎኑ ፍራሽና አጎበር አለ። የቀረውን እናንተ አስቡት።
- ትኋን። ፍራሽ ስትረከቡ ስፌቱንና የአልጋውን ብረት መጋጠሚያ በባትሪ እዩ። ካለ ብረቱ ላይ የፈላ ውሃ አፍስሱ፣ አንሶላውን በሙቅ ውሃ እጠቡ፣ ለፕሮክተሯም ንገሩ። ፍራሽ ፀሐይ ላይ ማስጣት ብቻውን አይበቃም። ክፍሉ በሙሉ በአንድ ቀን ካልሠራ ደግሞ ከጎረቤት አልጋ ይመለሳል።

ፍሬሾች የሚደጋግሟቸው ስሕተቶች

ውሃ ሲኖር ጀሪካን አለመሙላት። ውሃው የሚጠፋው ሁሌ ጠዋት ፈተና ባለበት ቀን ነው፤ ማታ ሳትተኙ ሙሉ።

ፓወር ባንክ መብራት ሲጠፋ ማስታወስ።

የሴክሽን ቴሌግራም ግሩፕን ድምፅ መዝጋትና የኩዊዝ ቀን ሲቀየር አለመስማት። መዝጋት ካማራችሁ በቀን ሁለቴ ግቡና እዩ።

የጥበቃ ጋሼዎችንና የካፌ እትዬዎችን ሰላም አለማለት። መታወቂያ ረስታችሁ በር ላይ የቆማችሁ ቀን ይገባችኋል።

በፈተና ዋዜማ ሌሊቱን ሙሉ ችከላ። እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት አንብባችሁ ብትተኙ ያነበባችሁት ይቀመጣል፤ ነግቶባችሁ ከገባችሁ ግን ጥያቄውን ሁለቴ አንብባችሁም አይገባችሁም።

ዓመቱ አልቆ ሳትፈርሙ መሄድ። መኪና ተገኘ ብላችሁ ቁልፉን ለጓደኛ ሰጥታችሁ አትውጡ፤ እሱም ለሌላ ይሰጠዋል፣ ሌላውም ይረሳዋል። ፍራሹንና ቁልፉን ራሳችሁ አስረክቡ፣ ያችን የመጀመሪያ ቀን ፎቶ አሳዩ፣ ፊርማችሁን አሰርዙ። አጎበሩን ግን አጥባችሁ ሻንጣ ውስጥ ክተቱት፤ ቀጣይ ዓመት ሌላ ብሎክ ስትገቡ መጀመሪያ የምታወጡት እሱን ነው።